ባንኮክ የደረስንበት ቀን፦ ሙቀቱን ፈርተን ብርዱ ያዘን

ቀሃ ማዶ | ግንቦት 4 ቀን 2017 ዓ.ም.

ሰላም ለሁላችሁ። ከጎንደርና ከአካባቢው ለሕክምና ወደ ባንኮክ የሚሄደው ሰው ጥቂት ስላልሆነ፣ እኔም ባለፈው ወር እናቴን ይዤ ሄጄ ስለተመለስሁ፣ የመጀመሪያው ቀን እንዴት እንዳለፈ ሳልረሳው ልጽፈው አሰብሁ። ስለ ሕክምናው አልጽፍም፤ እሱ የእናቴ ገመና ነው። የምጽፈው ከአውሮፕላን ወርደን አልጋ እስክንይዝ ድረስ ስላየነውና ስለተሰማን ነገር ነው።

ክርክራችን የተጀመረው ገና ሻንጣ ሲዘጋጅ ነበር፤ ርእሱም ጋቢ ነው። እናቴ ጋቢያቸውን ሳይዙ ከቤት እንደማይወጡ ተናገሩ፤ እኔና እኅቴ ደግሞ ሚያዝያ በባንኮክ ከዓመቱ ሁሉ የሚሞቀው ወር መሆኑን አንብበን ስለነበር፣ ወደዚያ ጋቢ መውሰድ ወደ መተማ ማገዶ ጭኖ እንደመውረድ ነው ብለን ሳቅንባቸው። እሳቸው መልስ አልሰጡንም። ጋቢውን ሁለት አጥፈው ትከሻቸው ላይ ጣሉትና መኪናው ውስጥ ገቡ።

ሚያዝያ 2 ቀን ከአዘዞ ተነሥተን አዲስ አበባ ዋልን፤ ከቦሌ የተነሣነው እኩለ ሌሊት ገደማ ነው። በረራው ዘጠኝ ሰዓት ያህል ይፈጃል። እናቴ ዓይናቸውን አልከደኑም፤ መብራቱ ሲጠፋ ዳዊታቸውን በቃላቸው ሲወጡ ሰማኋቸው። የአውሮፕላኑ ውስጥ ከጠበቅሁት በላይ ቀዝቃዛ ስለነበር ጋቢው እዚያው ሥራ ጀመረ፤ ከሌሊቱ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ግማሹ እኔ ጉልበት ላይ ነበር፤ እሳቸው አይተው እንዳላዩ ሆኑ።

ስንወርድ የእጅ ሰዓቴ ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት አልሞላም፤ የአየር ማረፊያው ሰዓት ግን ቀትር አልፏል ይላል፤ ልዩነቱ አራት ሰዓት ነው። ዐቢይ ጾም ላይ ነበርን፤ እናቴም እስከ ዘጠኝ ሰዓት የሚጾሙ ሰው ናቸው። «የየትኛው አገር ዘጠኝ ሰዓት ነው የምጠብቀው?» ብለው ጠየቁኝ፤ እኔም መልስ አላገኘሁም።

ቀጥሎ ያጋጠመንን ስሕተት ሌላ ሰው እንዳይደግመው በግልጽ ልናገር። ከኢትዮጵያ የሚመጣ መንገደኛ የቢጫ ወባ ክትባት ካርዱን ለፓስፖርት ከመሰለፉ በፊት ለብቻው ባለው የጤና ቁጥጥር መስኮት ማሳየት አለበት። እኛ ይህን ሳናውቅ በረዥሙ ሰልፍ ቆመን፣ ተራችን ሲደርስ ወደ ጤና መስኮቱ ተመለስን፤ ወረቀት ሞልተን ማኅተም አስመትተን እንደገና ከሰልፉ ጭራ ጀመርን። ጉልበታቸው ለሚያማቸው ሴት ያ ሁለተኛው ሰልፍ ከበረራው ይልቅ ከብዷል።

በመጨረሻ የመስታወቱ በር ተከፈተና ወጣን። «አክንባሎው ተነሣ» አሉ እናቴ፤ ከዚያ የተሻለ ቃል እስከ ዛሬ አላገኘሁም። እንጀራ ሲጋገር አክንባሎ ሲነሣ ፊትን የሚመታው እንፋሎት እንዴት እንደሆነ ታውቃላችሁ፤ ልዩነቱ የባንኮኩ አንዴ መትቶ የማይሄድ መሆኑ ነው። ፀሐዩ ብዙም አይታይም፤ ሰማዩ ነጣ ያለ ነው፤ ሙቀቱ ከላይ የሚወርድ ሳይሆን ከየአቅጣጫው የሚከብ ይመስላል። ሃያ እርምጃ ሳንሄድ ሸሚዜ ጀርባዬ ላይ ተለጠፈ።

ታክሲ ውስጥ ስንገባ ደግሞ ሌላ አገር ነው። ሾፌሩ ማቀዝቀዣውን እስከ መጨረሻው ከፍቶታል፤ ላባችን በላያችን ላይ ቀዘቀዘ። እናቴ ጋቢያቸውን አፍንጫቸው ድረስ ተከናነቡ፤ ሾፌሩም በመስታወቱ ደጋግሞ አያቸው። ከዚያ ከታክሲ ወደ ደጅ፣ ከደጅ ወደ እንግዳ ማረፊያ፣ ከማረፊያው ውኃ ለመግዛት ወደ ደጅ፣ ከደጅ ወደ ሱቅ፤ በአንድ ከሰዓት በኋላ ከምጣድ ወደ ጉድጓድ ውኃ ስንመላለስ ቆየን። ማታ እናቴ ያስነጥሳቸው ጀመር። በዓለም ሞቃት ከሚባሉት ከተሞች በአንዱ የያዛቸው ጉንፋን ነው።

ሌሎቻችሁ የሄዳችሁስ የመጀመሪያውን ቀን እንዴት አገኛችሁት?

የሰሊጥ ነጋዴ | ግንቦት 4 ቀን 2017 ዓ.ም.

እንኳን በሰላም ገባችሁ፤ እናትህን እግዚአብሔር ይማርልን። ነገር ግን ወንድሜ፣ የደጋ ሰው ስለ ሙቀት ሲያወራ መታገሥ ያቅተኛል። የባንኮክን የሚያዝያ ሙቀት ፈልጌ አየሁት፤ 35 ወይም 36 ዲግሪ ነው የሚለው። እኔ በየዓመቱ መተማ ዮሐንስ የምከርም ሰው ነኝ፤ በሚያዝያ ከ40 ዲግሪ በላይ በሚሆንበት ቀን ከመጋዘን መኪና ስናስጭን እንውላለን። ሃያ እርምጃ ሄጄ ሸሚዜ ተለጠፈ የሚል ሰው ገንዳ ውኃ ላይ ከመኪና እንኳ ባልወረደ ነበር።

ነርስ ነኝ | ግንቦት 5 ቀን 2017 ዓ.ም.

የሰሊጥ ነጋዴው ወንድሜ ቁጥሩን በትክክል አንብበሃል፤ ቁጥሩ ግን የነገሩ ግማሽ ብቻ ነው። ሰውነታችን ራሱን የሚያቀዘቅዘው ላቡ በመውጣቱ ሳይሆን የወጣው ላብ በመትነኑ ነው። መተማ ላይ ውኃ በእንስራ ወይም እርጥብ ጆንያ በተጠቀለለበት ጀሪካን የምታስቀምጠው ለምንድን ነው? እርጥበቱ በደረቁ አየር ሲተን ውስጡን ስለሚያቀዘቅዘው ነው። ያንኑ እንስራ ባንኮክ ብትወስደው ውኃው እንደሞቀ ይቀራል፤ አየሩ አስቀድሞ በእርጥበት ስለጠገበ የእንስራውን እርጥበት የሚወስድለት የለም። የሰው ቆዳም እንዲሁ ነው። ላቡ ይወርዳል እንጂ አይተንም፤ ስለዚህ የባንኮኩ 35 ዲግሪ ከመተማው 40 ይልቅ ለልብ ሊከብድ ይችላል።

ሁለተኛው ነገር ለእኛ ለጎንደሮች የተለየ ነው። በአውሮፕላን ውስጥ ያለው የአየር ግፊት በምድር ላይ ከ1,800 እስከ 2,400 ሜትር ከፍታ ካለው ግፊት ጋር እንዲቀራረብ ተደርጎ ይያዛል። ጎንደር ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,100 ሜትር በላይ ናት። ይህ ማለት ቀሃ ማዶ እናቱን ይዞ ዘጠኝ ሰዓት ሙሉ ሲበር፣ በአየሩ ስስነት ከሄድን ገና ጎንደር ነበሩ ማለት ነው! ከአገራቸው በእውነት የወጡት የአውሮፕላኑ በር ሲከፈት ነው፤ ባንኮክ ከባሕር ጠለል አንድ ተኩል ሜትር ያህል ብቻ ከፍ ብላ የተቀመጠች ከተማ ናትና።

ለአረጋውያን በተለይ የማሳስበው አለ። በረዥም በረራ እግር ያብጣል፤ ደምም በእግር ሥር ሊረጋ ይችላል፤ ስለዚህ በየሰዓቱ ተነሥቶ ጥቂት መራመድ ወይም ተቀምጦ ቁርጭምጭሚትን ማንቀሳቀስ ያስፈልጋል። የአውሮፕላኑ አየር እጅግ ደረቅ ስለሆነ ውኃ መጠጣት ይገባል። የደም ግፊት መድኃኒት የሚወስዱ፣ በተለይም ሽንት የሚያበዛውን፣ ወደ ሞቃት አገር ከመሄዳቸው በፊት ሐኪማቸውን ይጠይቁ። ሰውነት ሙቀቱን ለመልመድ አንድ ሳምንት፣ አንዳንዴም ሁለት ይፈጅበታል፤ በመጀመሪያው ቀን ቤተ መንግሥት ለመጎብኘት መሮጥ ሞኝነት ነው።

የሰሊጥ ነጋዴ | ግንቦት 5 ቀን 2017 ዓ.ም.

የእንስራው ነገር አሳመነኝ። ስለ ሃያው እርምጃ ግን አሁንም አልተጸጸትሁም።

የቅኔ ቤት ልጅ | ግንቦት 6 ቀን 2017 ዓ.ም.

እኔ ባንኮክ የሄድሁት ለሥልጠና ሲሆን የቆየሁት ሦስት ሳምንት ነው። በልጅነቴ አኮፋዳ አንግቼ ቆሎ ተማሪ የነበርሁ ሰው በመሆኔ፣ በመጀመሪያው ንጋት ያየሁት ነገር ከሙቀቱ ይልቅ አስደንግጦኛል። በሰዓት ለውጡ ምክንያት እንቅልፍ አልወስድ ብሎኝ ጎህ ሲቀድ ወደ መንገድ ወጣሁ። ብርቱካናማ የለበሱ የቡድሃ መነኮሳት በባዶ እግራቸው፣ ክብ ዕቃ ይዘው፣ አንዱ ከሌላው ኋላ ተሰልፈው ይሄዳሉ፤ ሰዎች ጫማቸውን አውልቀው፣ ተንበርክከው፣ ሩዝና ወጥ በዕቃው ውስጥ ይጨምሩላቸዋል። እኛ «በእንተ ስማ ለማርያም» እያልን ከደጅ ደጅ ስንዞር ውሻው ነበር የሚቀድመን፤ እነሱ ግን አንዲት ቃል አይናገሩም፣ በርም አያንኳኩም፤ ሰጪው ራሱ ወጥቶ ይጠብቃቸዋል። እኔ የተነከስሁበት ጠባሳ እስከ ዛሬ ባቴ ላይ ስላለ፣ እውነቱን ለመናገር ትንሽ ቀናሁ።

ስለ ሰዓቱ ደግሞ አንድ የሚያስደስት ነገር ልጨምር። ታዮች በመሥሪያ ቤት ዓለም አቀፉን ሰዓት ቢጠቀሙም፣ በንግግራቸው ያለው የምሽት አቆጣጠር የእኛው ነው። እኛ ከምሽቱ አንድ ሰዓት የምንለውን እነሱም «ኑንግ ቱም» ይላሉ፤ አንድ ማለት ነው። ሁለት ሰዓት ሲሆን «ሶንግ ቱም»፣ እንዲህ እያለ እስከ አምስት ይሄዳል። ከእኩለ ሌሊት በኋላ ግን እንደገና ከአንድ ስለሚጀምሩ መንገዳችን ይለያያል። አሠልጣኛችን በስንት ሰዓት እራት እንደምንበላ ሲነግረኝ፣ ከአገሬ ከወጣሁ ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ ስድስት ሳልደምርና ሳልቀንስ የገባኝ ሰዓት እሱ ነበር።

የእናትህን የጾም ጥያቄ በተመለከተ የኔታ ቢኖሩ ጠይቄ እመልስልህ ነበር። እኔ በራሴ የጾምሁት ፀሐዩን እያየሁ፣ በደረስሁበት አገር ሰዓት ነው።

ቀሃ ማዶ | ግንቦት 6 ቀን 2017 ዓ.ም.

የቅኔ ቤት ልጅ፣ የሰዓቱን ነገር ቀድሜ ባውቅ ኖሮ ለእናቴ እነግራቸው ነበር። እሳቸው በመጨረሻ ስልክ አስደውለው የንስሐ አባታቸውን ጠየቁ፤ አባታችንም ታማሚ መሆናቸውን አስታውሰው ገሠጿቸው።

ዘመኑም እንዲሁ ግራ ያጋባል። በሕክምና ቤቱ ደረሰኝ ላይ የተጻፈው ዓመት 2568 ነበር። በዚያ ወር ከፈረንጁ ስምንት ዓመት ወደ ኋላ የነበርነው እኛ ስንሆን፣ እነሱ በቡድሃ ዘመን ቆጥረው ከፈረንጁ 543 ዓመት ቀድመዋል፤ በእኔና በሒሳብ ሠራተኛዋ መካከል የ551 ዓመት ልዩነት አለ ማለት ነው። ይህን ለእናቴ ስነግራቸው «ታዲያ ስምንተኛው ሺሕ ሲደርስ እነሱ ይነግሩናል» አሉኝ።

ሌላው ሳልጽፈው ያለፍሁት የበዓሉ ጉዳይ ነው። የታይ አዲስ ዓመት ሶንግክራን በየዓመቱ ከሚያዝያ 5 እስከ 7 ይውላል፤ ቀጠሮውን ያስያዘልን ድርጅት ይህን አልነገረንም። የልዩ ሐኪሙ ቀጠሮ እስከ በዓሉ ማግሥት ስለተገፋ አምስት ቀን በከንቱ የአልጋ ከፍለናል። እሑድ ሚያዝያ 5 ለእኛ ሆሳዕና ነበር። እናቴ ዘንባባ ባያገኙ እንኳ ነጭ ለብሰው ከማረፊያው ደጅ ሲወጡ፣ የሰፈሩ ልጆች ባልዲና የውኃ ጠመንጃ ይዘው ይጠብቁ ነበር። ጠመንጃ የያዘውን አንዱን ልጅ እናቱ ያዘችው፤ ከዚያም ራሷ ቀርባ በትንሽ ሳሕን የያዘችውን ሽቶ ያለው ውኃ በእናቴ መዳፍ ላይ ቀስ አድርጋ አፈሰሰችላቸው፤ ለታላላቆች የሚደረገው እንዲህ ነው። እናቴ ፈገግ ብለው «ጥምቀት በሚያዝያ» አሉ። በፋሲለደስ መዋኛ ጸበል ሲረጭ ተጋፍተው የሚቀድሙ ሴት ስለሆኑ ውኃው አላስከፋቸውም። እኔን ግን ከመንገዱ ማዶ የቆሙት አልማሩኝም።

የማራኪው | ግንቦት 7 ቀን 2017 ዓ.ም.

ክሩን በደስታ እያነበብሁ ነው፤ ሆኖም አንድ ነገር ይከነክነኛል። መነኩሴው የቆሎ ተማሪ ሆነ፣ ሶንግክራን ጥምቀት ሆነ፣ ሰዓቱ የእኛ ሆነ። ዘጠኝ ሰዓት በርሮ የሄደ ሰው ጎንደርን አይቶ ከተመለሰ ለምን ሄደ? የሌላውን አገር በራሱ መልክ ማየት አይቻልም ወይ? እዚህ ጥምቀትን ለማየት የሚመጡ እንግዶች «የእኛን በዓል ይመስላል» ሲሉን ደስ የማይለን እኛው አይደለንም እንዴ?

ቀሃ ማዶ | ግንቦት 7 ቀን 2017 ዓ.ም.

ትችትህ ተገቢ ነው፤ ማመሳሰሉ ያሳሳተን ጊዜም ስለነበር ልናገረው። ታዮች ሰላም ሲሉ ሁለት መዳፋቸውን ደረታቸው ላይ ገጥመው ጎንበስ ይላሉ፤ እናቴም እጅ በመንሣት ያደጉ ስለሆኑ በዚህ ከነርሶቹ ጋር በአንድ ቀን ተግባቡ። አገሩን የለመዱት የመሰላቸውም ከዚያ በኋላ ነው። በሦስተኛው ቀን ያቺ ውኃ ያፈሰሰችላቸው ሴት ልጇን ይዛ መጣች፤ እናቴም በአገራችን ወግ ሊመርቁት እጃቸውን ራሱ ላይ ጫኑ። የሴትዮዋ ፊት ተለወጠ። በእነሱ ዘንድ ራስ ከሰውነት ሁሉ የከበረ ስለሆነ እንግዳ ሰው የሕፃንን ራስ መንካቱ ነውር ነው፤ እግርን ወደ ሰው መዘርጋትም እንዲሁ። በስልክ ትርጉም አስረድተን ተሳሳቅን፤ ሴትዮዋም አልተቀየመችም። እናቴ ግን ማታውን ሁሉ ሲያዝኑ አመሹ፤ የመረቁት ልጅ እንደተሰደበ መቆጠሩ ሊዋጥላቸው አልቻለም።

ቢሆንም፣ በመጀመሪያው ቀን ሰው የሚያመሳስለው የሚይዘው ነገር ስለሚያጣ ይመስለኛል። ቋንቋው አይሰማም፣ ጽሑፉ አይነበብም፣ መኪናው እንኳ በግራ በኩል ስለሚሄድ መንገድ ለመሻገር የሚያዩት በተሳሳተ አቅጣጫ ነው። በዚያ ሰዓት እናቴን የመነኮሳቱ ባዶ እግር ደግፏቸው ከሆነ እኔ አልከለክላቸውም።

ሱኩምቪት የኖርሁ | ግንቦት 8 ቀን 2017 ዓ.ም.

እኔ ባንኮክ ሁለት ዓመት ስለኖርሁ ጾመኞችን የሚጠቅም ነገር ልንገራችሁ። አትክልት ብላችሁ ያዘዛችሁት ምግብ ውስጥ «ናም ፕላ» የሚባል ከዓሣ የሚሠራ ጨዋማ መረቅ መግባቱ የተለመደ ነው፤ የማይገባበትን ማግኘት ይቸግራል። (ዓሣ በጾም ይበላል፣ አይበላም የሚለውን ክርክር እባካችሁ እዚህ አታምጡብኝ።) መፍትሔው «ጄ» የሚለውን ቃል ማወቅ ነው። ጄ ማለት ሥጋ፣ ዓሣ፣ እንቁላልና ወተት ፈጽሞ የማይገባበት ምግብ ሲሆን፣ ቻይናውያን የዘር ሐረግ ያላቸው የቡድሃ አማኞች በጾማቸው የሚበሉት ነው። የሚሸጥበት ቤት ቢጫ ባንዲራ ላይ በቀይ ፊደል የተጻፈ ምልክት ይሰቅላል፤ ታይኛ ሳታነቡ ከሩቅ ትለዩታላችሁ። ከእኛ ጾም የሚጠብቅበት ነገርም አለ፤ ቀይ ሽንኩርትና ነጭ ሽንኩርት እንኳ አይገባበትም፤ ስለዚህ የጎንደር ሴት ስትቀምሰው ወጡ ያልቁላላ ይመስላታል። ሚጥሚጣ በጠርሙስ ይዛችሁ ሂዱ እንዳልል የእነሱ ቃሪያ ከእኛው የባሰ ነው፤ «አያቃጥልም» ካሏችሁም አትመኑ።

ከአየር ማረፊያ ታክሲ ስትይዙ በሜትር ይሂድላችሁ፤ በሜትሩ ላይ የአየር ማረፊያ ጭማሪ አለ፤ የፈጣን መንገዱን ክፍያም የምትከፍሉት እናንተ ናችሁ። ይህ ማጭበርበር ስላልሆነ ከሾፌሩ ጋር አትጣሉ።

ስለ ማቀዝቀዣው ቀሃ ማዶ የጻፈው እውነት ነው። በገበያ አዳራሽ፣ በባቡር፣ በሲኒማ ቤት ሁሉ ብርድ አለ፤ ከቢሮ የሚሠሩ የአገሩ ሰዎች ራሳቸው ሹራብ ወንበራቸው ላይ አንጠልጥለው ይውላሉ። እኔ በመጀመሪያው ወር ብርዱን አጥፍቼ ቤቴ ውስጥ ቡና አፈላሁ፤ ዕጣኑን ሳጨስ የእሳት ማስጠንቀቂያው ጮኸና የሕንፃው ዘበኛ እሳት ማጥፊያ ተሸክሞ መጣ። ሁለተኛውን ስኒ ጠጥቶ ሄደ። ከዚያ ወዲህ ዕጣን የማጨሰው በረንዳ ላይ ነበር።

የአባቷ ልጅ | ግንቦት 9 ቀን 2017 ዓ.ም.

እኔም አባቴን ይዤ ግንቦት 24 ቀን እነሣለሁ፤ ስለዚህ ይህን ክር ሦስት ጊዜ አንብቤዋለሁ። ሦስት ጥያቄ አለኝ። የቢጫ ወባ ክትባቱን ገና አልተከተብንም፤ ይደርስልናል ወይ? በግንቦት መጨረሻ ሙቀቱ ይቀንሳል ወይ? አባቴ ደግሞ ጋቢ የበሽተኛ ልብስ ነው ብለው ካፖርታቸውን ካልለበስሁ ይላሉ፤ ምን ብዬ ላሳምናቸው?

ነርስ ነኝ | ግንቦት 9 ቀን 2017 ዓ.ም.

እኅቴ፣ ክትባቱ እንደጸና የሚቆጠረው ከተከተባችሁ ከ10 ቀን በኋላ ነው። ሰኞ ብትከተቡ ይደርሳል፤ ከዚያ ባትዘገዪ ይሻላል። አንዴ ከተከተቡ ካርዱ ዕድሜ ልክ ያገለግላል። አባትሽ ግን ዕድሜያቸው ከ60 ዓመት በላይ ከሆነ ወይም የቆየ ሕመም ካለባቸው፣ ክትባቱ ይስማማቸው እንደሆነ አስቀድሞ ሐኪም ሊያያቸው ይገባል፤ የማይስማማቸው ከሆነ የሚሰጥ የሐኪም ማስረጃ አለ።

ቀሃ ማዶ | ግንቦት 10 ቀን 2017 ዓ.ም.

ዝናባቸው የሚገባው በግንቦት ስለሆነ ከሰዓት በኋላ የሚጥል ዝናብ ይጠብቃችኋል፤ ሙቀቱ ከሚያዝያው ጥቂት ቢቀንስም አክንባሎው እንዳለ ነው። ጃንጥላ ያዢ። ቢጫ ካርዱን በሚጫን ሻንጣ ውስጥ እንዳታደርጊው፤ ከፓስፖርቱ ጋር እጅሽ ላይ ይሁን፤ ከአውሮፕላን እንደወረዳችሁም መጀመሪያ የጤናውን መስኮት ፈልጊ።

ስለ ጋቢው ለአባትሽ የምትነግሪያቸው ይህን ነው፦ ካፖርት ደጅ ሲወጡ ወልቆ በእጅ የሚያዝ ሸክም ነው፤ ጋቢ ግን ታጥፎ ትከሻ ላይ ይውላል፣ በወንበር ላይ ትራስ ይሆናል፣ ሌሊት ይለበሳል፣ ሲቆሽሽም ይታጠባል። እናቴ በሕክምና ቤቱ መጠበቂያ ክፍል ሲተኙበት ያዩ ሁለት የሱዳን ሴቶች የት እንደሚሸጥ ጠይቀውናል።

የአባቷ ልጅ | ግንቦት 24 ቀን 2017 ዓ.ም.

አሁን ቦሌ ነን። አባቴን ሐኪም አይቶ ፈቀደላቸውና ሁለታችንም በጊዜ ተከትበናል፤ ካርዶቹም እጄ ላይ ናቸው። ካፖርቱ አዘዞ ከወንድሜ ጋር ቀረ። ጋቢውን ለብሰዋል፤ «ስለበረደኝ አይደለም» ብለዋል።